ርዕሰ መምህርቷ ሻይ አልቀዳም ያለች ዕለት

ፊደልማ ጌራቲ ርዕሰ መምህርት መሆኗን የሰማችው መቃብር ቦታ ላይ ነው። የደሪቫን መንደር ትምህርት ቤትን ዕድሜ ልካቸውን የመሩትን ሲስተር ጎንዛጋን ቀብረው ሲመለሱ፣ የሰበካው ቄስ አባ ኩሳክ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ጠጋ አሏት።

«ገዳሙ የሚልከው ሌላ መነኩሲት የለውም» አሉ። «መነኩሲት ጠፋ በዚህ ዘመን። ለጊዜው አንቺው ያዢው።»

«ትምህርት ቤቱን ማለትዎ ነው አባ?»

«ታዲያ ሌላ ምን አለ? ሰው እስኪገኝ ነው።»

ሰው አልተገኘም። ማለት፣ አባ ኩሳክ «ሰው» የሚሉት ዓይነት አልተገኘም። ዓመቱ ሲያልቅ ሹመቱ በወረቀት ጸደቀላትና ፊደልማ ደሪቫን ውስጥ ቆብ ያልደፋች የመጀመሪያዋ ሴት ርዕሰ መምህርት ሆነች። ስሟ ራሱ ለአስተማሪ የተቆረጠ ይመስላል፤ መንደሩ ግን በስሟም በማዕረጓም አልጠራትም። «የጃርላት ሚስት» ነበረች፣ ቆይታም የጃርላት ሚስት ሆና ቀረች። ጃርላት ከየገበሬው ደጅ ወተት እየሰበሰበ ወደ ፋብሪካ የሚወስድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ለማንም ክፉ የማይመኝ።

ከሹመቱ በፊት የነበረችውን ፊደልማ የሚያውቋት ሰዎች ሁለት ነገሯን አይረሱም። አንዱ ሳቋ ነው። ክፍል ውስጥ ስትስቅ መንገድ ላይ የሚያልፍ ብስክሌተኛ ዞር ብሎ ያያል። ሌላው ድምፅዋ። ቅዳሜ ማታ በኮንሴፕታ መጠጥ ቤት ውስጥ ዓይኗን ጨፍና፣ ያለ ምንም መሣሪያ የድሮ ዘፈን ስታወጣ ብርጭቆ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ከሐይቁ ማዶ ያለ ሰው ሰማኋት ብሎ ምሏል፤ ደሪቫን ውስጥ ማጋነን ነውር ባይሆንም ይሄን ሰው ብዙዎች አምነውታል።

በተሾመች በመጀመሪያው ሰኞ አባ ኩሳክ ቢሮዋ መጡና እንደ ልማዳቸው ሳይቀመጡ ክፍሉን ቃኙ። ዓይናቸው በሩ ላይ የተሰቀለው ቀይ ካፖርቷ ላይ አረፈ።

«ሲስተር ጎንዛጋ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ድምፅ ከፍ አድርጋ አታውቅም» አሉ። «ልጆቹ ልብሷን አይተው ብቻ ፀጥ ይሉ ነበር። መጠጥ ቤት የምትዘፍን ርዕሰ መምህርት ደግሞ... አንቺው ታውቂያለሽ። እንደ አባት ነው የምመክርሽ።»

ፊደልማ ምክሩን ተቀበለች። ኋላ ላይ በራሷ የተናደደችበት ትልቁ ነገር ይሄ ነበር፤ ማንም አላስገደዳትም። ከተማ ወርዳ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ገዛች፤ ቀሚሱ ከጉልበት በታች፣ ኮሌታው አንገት ድረስ። ቆብ ስለሌላት ቆብ የሚመስል ነገር ለበሰች ማለት ነው። ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። ቅዳሜ ማታ ቤቷ ማምሸት ጀመረች። ሳቅ ሲመጣባት አፏን በመሐረብ ትይዛለች።

አንድ ማታ የመጨረሻዋ ልጇ ኡና የቤት ሥራዋን እየሠራች ቀና ብላ «እማዬ፣ ምነው እንደ ሲስተር ጎንዛጋ ታወሪያለሽ?» አለቻት።

«እንዴት ነው የማወራው?»

«እንደታመመ ሰው።»

ጃርላት ከጋዜጣው ጀርባ ሳቀ። «መጠጥ ቤትም ጠይቀውኛል፤ ሚስትህ ጉሮሮዋን አመማት ወይ ብለው።»

ፊደልማ አልሳቀችም።

ይሄን ሁሉ የከፈለችው እንድትከበር ነበር። መከበሩ ግን አልመጣም። የመጽሐፍ ሻጭ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቧንቧ ጠጋኝ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ደጃፉን ሲረግጥ እሷን አልፎ ወደ ኮልማን ይሄዳል። ኮልማን ትልልቆቹን ልጆች የሚያስተምር ወጣት ነው፤ የመንደሩን የኳስ ቡድን ያሠለጥናል። ገና ሲቀጠር ክፍሉ እየታወከበት ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ሲያለቅስ ያገኘችው፣ ልጆችን በዓይን እንዴት እንደሚይዙ ያስተማረችው እሷ ነበረች። «ርዕሰ መምህሩ እርስዎ ነዎት?» ሲሉት ፊቱ ቲማቲም ይመስላል፤ «አይ፣ እሷ ናት» ይላል፤ ሰውየው ይስቃል፤ ከዚያም ወሬውን ከኮልማን ጋር ይቀጥላል።

ኮልማን ልጆቹ ላይ ሲጮህ ወላጆች «ጎበዝ፣ ያስከብራል» ይላሉ። እሷ ግን አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ጣሪያውን ጠግኛለሁ ብሎ ቀዳዳውን ትቶ የሄደውን ግንበኛ ከፍ ባለ ድምፅ ብትናገረው፣ የትምህርት ቤቱ ቦርድ አባል የሆነው ባለሱቁ ላቬል ደንበኞቹ ፊት «ዛሬ የጃርላት ሚስት ምን ነካት? ጨረቃ ሞልታ አሳበደቻት እንዴ?» ብሎ አሳቀባት። ሱቁ ውስጥ ዱቄት ልትገዛ ቆማ በጆሮዋ ሰማችው። ዱቄቱን ሳትገዛ ወጣች፤ ደሟ ፈልቶ ቤቷ እስክትደርስ ምን መንገድ እንደሄደች አታውቅም።

የጣሪያው ነገር ግን መነገር አለበት። የድሮው ትምህርት ቤት ዝናብ ሲዘንብ ከውጭ ይልቅ ውስጡ ይረጥብ ነበር። ሕፃናቱ ካፖርት ለብሰው ይጽፋሉ፤ ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው። አባ ኩሳክ «እግዚአብሔር ያውቃል» ይላሉ፣ ቦርዱ «መንግሥት ያውቃል» ይላል፣ መንግሥት ለደብዳቤዋ መልስ አይሰጥም። አንድ ጠዋት ከሕፃናቱ ክፍል የኮርኒስ ቁራጭ ወድቆ አንድ ወንበር ሰበረ፤ እዚያ የሚቀመጠው ልጅ የዚያን ዕለት ጉንፋን ይዞት ቀርቶ ነበር። ፊደልማ ቁራጩን በጆንያ ቋጥራ ከጃርላት ጋር በወተት መኪናው ዋና ከተማው ደብሊን ገባች። የትምህርት ሚኒስቴሩ አዳራሽ ውስጥ ጆንያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዛሬ አይቻልም አሏት፤ ተቀመጠች። ነገ ይምጡ አሏት፤ ተቀመጠች። ሊዘጉ ሲሉ አንድ ኃላፊ ደከመውና አስገባት፤ ጆንያውን ፈታ ኮርኒሱን ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱ መሐል አስቀመጠችለት።

«ይሄ ምንድን ነው ወይዘሮ?» አለ ሰውየው፣ አቧራውን ከክራቫቱ እያራገፈ።

«ጣሪያችን ነው» አለችው። «ልጁን ላሳይዎ አልቻልኩም፤ ዕድለኛ ስለነበር በሕይወት አለ።»

አዲሱ ትምህርት ቤት ከዚያ መጣ። ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ሲያልቅ ሰፋፊ መስኮት፣ ማሞቂያ፣ አዳራሽም ነበረው። ምረቃው በግንቦት፣ ጳጳሱ ባሉበት እንዲሆን ተወሰነ።

ፊደልማ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግሩን ከፋሲካ ጀምራ አዘጋጀች። ዕቃ እያጠበች ትለማመደዋለች፤ ኡና ሳትቀር በቃሏ ይዛዋለች። ከዓመታት ዝቅታ በኋላ ድምፅዋ እንደገና ከደረቷ ሲወጣ ራሷ ትሰማው ነበር፤ ደስም ይላት ነበር።

ምረቃው ጥቂት ቀን ሲቀረው አባ ኩሳክ መጡ።

«ንግግሩ ተጽፎ አለቀ አሉ» አሏት።

«አዎ አባ። አሳጥሬዋለሁ፤ ጳጳሱን እንዳላሰለች ብዬ።»

«ጎሽ። በይ ለኮልማን ስጪው።»

«ለማን?»

«ለኮልማን። ከመንግሥትም ሰው ይመጣል፤ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። የወንድ ድምፅ ለማይክሮፎን ይሆናል። የሴት ድምፅ ይሰነጠቃል፣ ጆሮ ይበላል።»

«እኔስ አባ? እኔ ምን ላድርግ?»

ቄሱ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ፈገግ አሉ። «ዋናው ነገርማ ያለው አንቺ ጋ ነው! ሻዩ፣ ኬኩ፣ እንግዳው። እሱን ያለ አንቺ ማን ይችልበታል?»

ወረቀቱን ሰጠቻቸው። እዚያው ቆማ፣ በገዛ እጇ። አባ ኩሳክ ከወጡ በኋላ እጇን እንደ ሌባ እጅ አየችው። ሃያ ዓመት «እሺ አባ» የለመደ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ይዘረጋል። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና የጠመኔ ካርቶኑን በእርግጫ መታችው። እግሯን አመማት። ደግማ መታችው።

ማታ ለጃርላት ነገረችው። እሱ ድንቹን እየላጠ አዳመጠና «ተይው፤ ትምህርት ቤቱ ተሠርቷል አይደል? ዝም አይነቅዝም» አላት።

«ዝም እያልኩ ነው የነቀዝኩት!» አለች፤ ጠረጴዛውን በቡጢ ስትመታው የድንቹ ልጣጭ ዘለለ። «ማን ነው የማይነቅዝ ያለህ? እየኝ እስኪ! ልብሴን አየው! ይሄ የማን ልብስ ነው?»

ጃርላት ልጣጩን ከወለሉ መልቀም ጀመረ።

የምረቃው ቀን ፀሐይ ወጣ። ጠዋት ቀዩን ካፖርት ከቁም ሣጥን አወጣችው፤ ብል በልቶት ይሁን አይሁን ሳታይ፣ መልሳ ሰቀለችውና ጥቁር ሰማያዊውን ለበሰች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ጳጳሱ፣ የመንግሥቱ ሰው፣ አባ ኩሳክ፣ ላቬልና ኮልማን ተቀምጠዋል። እሷ ከታች፣ ከፊተኛው ረድፍ ጠርዝ፣ ለሻዩ ጠረጴዛ እንድትቀርብ ተብሎ ወንበር ተይዞላታል። ከጎኗ ሕፃናቱን የምታስተምረው ዲምፍና፣ ከኋላዋ የመጠጥ ቤቷ ኮንሴፕታ ሽርጧን አስቀድማ ታጥቃ ተቀምጣለች።

ኮልማን ተነስቶ አነበበ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ መስመር ይዘላል፤ ትንፋሽ መውሰድ ያለበት ቦታ ላይ አይወስድም። ፊደልማ ቃሎቿ አንድ በአንድ ሲወድቁ ሰማች። «በድሮው ቤታችን ሰማዩን ለማየት ውጭ መውጣት አያስፈልገንም ነበር፤ በጣሪያው እናየው ነበር» የሚለው ላይ ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ጳጳሱም ሳቁ፤ አባ ኩሳክ የኮልማንን ጉልበት ቸብ ቸብ አደረጉ። ያቺን መስመር ያገኘቻት እሑድ ማለዳ፣ ድስት እየፈገፈገች ነው። አሁን የኮልማን ቀልድ ሆነች።

ቀጥሎ አባ ኩሳክ ማይክሮፎኑን ያዙ። ጳጳሱን አመሰገኑ። መንግሥትን አመሰገኑ። ተቋራጩን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን፣ ወንበር የደረደረውን የኳስ ቡድን አመሰገኑ። ይህ ሕንፃ የተገኘው «በቦርዱ ያላሰለሰ ጥረት» መሆኑን ተናገሩ። ላቬል አንገቱን ደፋ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ። ደብሊን ስለተወሰደው ጆንያ የተናገረ የለም።

«በመጨረሻም» አሉ አባ ኩሳክ፣ «ወይዘሮ ጌራቲንና ሴቶቻችንን እናመሰግናለን፤ አሁን ሻይ ያቀርቡልናል።»

ጭብጨባ ሆነ። ፊደልማ አልተነሳችም።

ጭብጨባው አለቀ። ዲምፍና በክርኗ ነካ አደረገቻት። ከኋላ የሻይ ውሃው በትልቁ ማፍያ ውስጥ ይንፈቀፈቃል። አባ ኩሳክ ፈገግታቸውን ሳይለቁ ጎንበስ አሉ።

«ወይዘሮ ጌራቲ? ሻዩ።»

«አልቀዳም» አለች።

«ምን አልሽ?»

ማይክሮፎኑ አልተዘጋም ነበር። እሷ ማይክሮፎን አላስፈለጋትም። ስንት ዓመት የታፈነው ድምፅ ከመቀመጫዋ ተነስቶ የኋላውን ግድግዳ መታ፤ በር ላይ ቆመው ሲያጨሱ የነበሩ ወንዶች ሲጋራቸውን ጣሉ።

«አልቀዳም አልኩ አባ። እኔ የዚህ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። ኮልማን ያነበበው የጻፍኩትን ነው። ንግግሬን ካነበበ፣ ሻዬንም ይቅዳ።»

ኮልማን ጫማውን ያያል። ላቬል ጳጳሱን ያያል። ግማሽ ተነስታ የነበረችው ኮንሴፕታ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ሽርጧን ከወገቧ ፈታች፤ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችው። ከኋላዋ አንዲት ሌላ እናት ደገመችው። ዲምፍና እጆቿን አጣምራ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። ከአዳራሹ አንዲትም ሴት አልተነሳችም። እንፋሎቱ መስኮቱን አደበዘዘው። ጳጳሱ ባዶውን ሲኒ በእጃቸው ይዘው ያዞሩታል። ፊደልማ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ፀጥታ ሰምታ እንደማታውቅ አሰበች። ይሄ የሲስተር ጎንዛጋ ፀጥታ አልነበረም። የራሷ ነው።

ያኔ ከኋላ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ጃርላት ተነሳ። በትልቅ ጫማው ወለሉን እያንኳኳ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ማንቆርቆሪያውን ሞላና ከጳጳሱ ጀምሮ መቅዳት ያዘ።

«ስኳር ይጨመር ብፁዕ አባታችን?» ሲል ተሰማ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ፀጥታው እንደ ጉም ተበተነ። ሁሉም ተነስቶ ኬክ ፍለጋ ተጋፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ደሪቫን ውስጥ ስሙ «ጃርላት ማንቆርቆሪያ» ሆነ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ወደ ጃርላት ዞረች።

«ማን ቅዳ አለህ?»

«ሰው ተጨነቀ እኮ ፊደልማ» አለ። «ጳጳሱ ሽማግሌ ናቸው።»

«ይጨነቁ! ሃያ ዓመት ስጨነቅ ማን ሻይ ቀዳልኝ?»

«ላንቺ ብዬ ነው። ነገሩ እንዳይከፋብሽ።»

«ለእኔ ብለህ ቢሆን ቁጭ ትል ነበር!» ድምፅዋ የመኪናውን መስታወት አንቀጠቀጠ። «እዚያ ከሞላው ወንድ ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ቁጭ እንዲልልኝ ነው የፈለግኩት። አንድ ሰው! ፀጥታው የእኔ ነበር ጃርላት። አንተ ሻይ አፈሰስክበት።»

ጃርላት መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። አይኑ እንባ ማቅረሩን አየች፤ አላዘነችለትም። ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችውም። ደግነት እንደ ክፋት ሊያስቆጣ እንደሚችል ያወቀችው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ይሄን ነገር ስታነሳ ድምፅዋ ይሻክራል።

ሰኞ አባ ኩሳክ ቤታቸው አስጠሯት። ወንበር አላቀረቡላትም። ለጳጳሱ የይቅርታ ደብዳቤ እንድትጽፍ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም በሕዝብ ፊት ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዟት።

«አልጠይቅም» አለች።

«የሚያሳስበኝ ቁጣሽ ነው» አሉ ቄሱ፣ በሐዘን። «ቁጣ ሴትን አያምርባትም። ልጆች አደራ የተሰጣት ሴት ደግሞ...»

«ቁጣዬ ዛሬ የመጣ መሰለዎት እንዴ አባ? ጣሪያውን ያሠራው ማን ነው? ቁጣዬ አይደለም? ያኔ ሲጠቅምዎት ትጋት አሉት፤ ዛሬ ሲነካዎት ቁጣ ሆነ።»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

«ዝቅ አድርጌው ነበር» አለችና በሩን ክፍት ትታ ወጣች።

ቦርዱ ተሰበሰበ። ርዕሰ መምህርቷ «ጠባይዋ ለኃላፊነቱ አይመጥንም» ተባለ፤ ለመንግሥት የትምህርት ተቆጣጣሪ ተጻፈ፤ ቦታውን እንዲይዝ ለኮልማን አስቀድመው ነገሩት። ኮልማን ማታውን ኩሽናዋ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ያዘው አሉኝ» አላት።

«ምን አልካቸው?»

«ላስብበት አልኳቸው።»

«ላስብበት!» አለች ፊደልማ። «ዕቃ ግምጃ ቤት ስታለቅስ እኔ ላስብበት ብዬህ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። ደግ ልጅ ነው፤ ችግሩ ደግነቱ ሰው ሲያየው ይጠፋል። እሺም እምቢም ሳይል ሰኔ ላይ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሲሄድ የስንብት ካርድ ላከላት፤ ሳትከፍተው እሳት ውስጥ ጨመረችው።

ተቆጣጣሪው መጣ። ደረቅ፣ ረጅም ሰው ነው። ከክፍል ክፍል ዞረ፣ ልጆቹን አስነበበ፣ አስደመረ፤ ማታ ቢሮዋ ገብቶ ተቀመጠ። «ትምህርት ቤቱ እጅግ ጥሩ ነው» አላት። «ካየኋቸው ሁሉ ከፊተኞቹ ነው። የምነቅፈው ነገር የለም። ብቻ ወይዘሮ፣ አንድ ምክር፤ የአነጋገርዎ ቃና...»

ፊደልማ ሳቀች። ያ የድሮው ሳቅ ነበር፤ ደስታ ግን አልነበረበትም። ተቆጣጣሪው ባርኔጣውን አንስቶ እስኪወጣ ድረስ ሳቀች። ከመንበሯ ማንም አላወረዳትም። በማግስቱ ጥቁር ሰማያዊውን ሙሉ ልብስ የምስኪኖች ማኅበር ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ኮሪደሩ ላይ እንደ ልቧ ጮኸች፣ እንደ ልቧ ዘፈነች። አንዳንድ ልጆች ፈሩ፤ ብዙዎቹ ወደዱት።

አሸነፈች እንዳይባል ግን ዋጋው የተከፈለው በሌላ ሰው ነው። አባ ኩሳክ ደጃፉን ሳይረግጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ላቬልና ጓደኞቹ ልጆቻቸውን አውጥተው ወደ ጎረቤት ሰበካ ላኩ፤ ሌሎችም ተከተሉ። የልጅ ቁጥር ሲያንስ የአስተማሪ ቦታ ይቀነሳል፤ የሚቀነሰውም የመጨረሻ ገቢው ነው። ዲምፍና ናት የወጣችው። ፊደልማ ልትነግራት ስትገባ ወጣቷ የሕፃናቱን ሥዕሎች ከግድግዳ እያወረደች ነበር።

«በእኔ ጦስ ነው» አለቻት ፊደልማ። «እነዚያ ውሾች እኔን መንካት ሲያቅታቸው...»

ዲምፍና መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አወጣች። «እርስዎ ብቻ ነዎት እንዴ የተቀመጡት? እኔም እኮ ተቀምጬ ነበር» አለች፤ ቆጣ ብላ። «የእኔንም አይውሰዱብኝ።»

ፊደልማ ሥዕሎቹን አብራት ማውረድ ጀመረች።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ አባ ኩሳክም ጡረታ ወጥተው፣ የአካባቢው ሴት ርዕሳነ መምህራን በዝተው እርስ በርስ መተዋወቅ ሲጀምሩ፣ ፊደልማ አንዲት ሩቅ ከተማ ውስጥ ለርዕሰ መምህርነት የሚወዳደሩትን ከሚጠይቁ ሦስት ሰዎች አንዷ ሆና ተጋበዘች። ሌሎቹ ሁለቱ ወንዶች ናቸው፤ የከተማው ቄስና አንድ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር።

መጀመሪያ የገባችው ማጄላ የምትባል ሴት ነች። ስለ ንባብ፣ ስለ ሰነፍ ወላጅ፣ ስለ ድሃ ልጅ ስትናገር እጆቿ አየሩ ላይ ቤት ይሠራሉ። ጡረተኛው አቋረጣት።

«ልጆች አሉሽ መሰለኝ። ማን ይጠብቅልሻል?»

ማጄላ እጆቿን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገች። «እናቴ አለች... ጎረቤትም አለ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። ፊደልማ ያንን ዝቅታ ታውቀዋለች፤ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ታውቀዋለች።

ቀጥሎ የገባው ደረቱ ሰፊ፣ የአራት ልጆች አባት ነበር። ወንዶቹ ስለ ኳስ አወሩት። የፊደልማ ተራ ደረሰ።

«ልጆችህን ማን ይጠብቅልሃል?» አለችው።

ሰውየው ሳቀና ሁለቱን ወንዶች አየ። እነሱም ሳቁ።

«ቀልድ መሰለህ እንዴ? ሴትዮዋ መልሳለች። መልስ።»

«ያው... እናታቸው አለች» አለ፤ ላብ አጠመቀው።

«እሷም ሥራ ብትይዝስ?»

«ወይዘሮ ጌራቲ» አለ ቄሱ።

«ምን ሆኑ አባ? ጥያቄው የእናንተ ነው፤ እኔ የደገምኩት።»

ሁለት ለአንድ ሆነ፤ ሰውየው ተመረጠ። ፊደልማ አልፈርምም አለች፤ ያለ እሷ ፊርማም ጸደቀ። ካፖርቷን ለብሳ ስትወጣ ዝናብ ጀምሯል። ማጄላ መኪና ማቆሚያው ላይ አሮጌ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ከቤት ያመጣችውን ዳቦ ትበላለች፤ አስተናጋጁ ቆይታ ውጤት እንድትሰማ ነግሯት ኖሯል። ፊደልማ በሩን ከፍታ ሳትጠየቅ ጎኗ ገባች።

«አልሰጡሽም» አለቻት። «ልነግርሽ አይፈቀድልኝም፤ ነገርኩሽ። የተሻልሽው አንቺ ነበርሽ።»

ማጄላ ዳቦውን አስቀመጠች። ጉንጯ ቀላ። «ምን አጎደልኩ?» አለች።

«አንዲትም። ይልቅ ስትጀምሪ የነበረውን ጨርሺው። ስለ ንባብ እየተናገርሽ ሳለ ነው ያቋረጠሽ።»

«አሁን? ለማን?»

«ለእኔ። እጅሽንም አትሰብስቢ።»

ማጄላ መሪውን በመዳፏ መታችው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ መጀመሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በኋላ እየጮኸች። መስታወቱ በትንፋሻቸው ጉም ለበሰ። ፊደልማ አንድም ቃል ሳታቋርጥ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።